ከመዝገቡ ጀርባ የተጻፈችው

ሾላ ሜዳ ሚካኤል፣ ማንኩሳ
ጥር 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለትርሲት ቂርቆስ፣ ቡሬ

እንደምን ከርመሻል፣ አንቺ ጥድፊያ? እኔ ሚካኤል ይመስገን አለሁ። ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ይለግማል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። «ስልክ ልግዛልዎና እንነጋገር» ያልሽውን አንብቤዋለሁ፤ አይሆንም። ያ ነገር ጆሮዬ ላይ ሲጮኽ ንብ የገባብኝ ይመስለኛል። የሚሉትንም ስለማልሰማ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ፤ አምና እንዲያ እሺ ስል የማላውቃቸው ባልና ሚስት አስታራቂ ሆኜ ተገኝቻለሁ። ደብዳቤሽን ለሾፌሩ ለመልካሙ ስጪው። ሚኒባሱ ማንኩሳ ሳይቆም አያልፍም፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ አልቀርም።

ልታገቢ መሆንሽን ስሰማ እልል ብያለሁ። ብቻዬን ስለነበርኩ ያየኝ የለም። እናትሽ ይህችን ቀን ሳታይ ማለፏ ብቻ ቆጨኝ። ሠርክአዲስ እህቴ ብትኖር ይኼኔ መላው ማንኩሳ በእሷ ድምፅ ተጨናንቆ ነበር።

የቡሬ ካህናት የክርስትና ማስረጃ ካላመጣሽ በቁርባን አናጋባም ማለታቸው ደግ አድርገዋል፤ ሥርዓት ነው። እልክልሻለሁ፤ ግን ትንሽ ታገሺኝ። የድሮው መዝገብ እቃ ቤት ነው፤ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ልቅሶ ሄዷል። ደግሞ አይጥ ገብቶበታል ይላሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና አትቸኩይ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የእጮኛሽ የመሐሪ እናት፣ የአባታቸው ስም ማን ይባላል? ዝም ብዬ ነው።

አጎትሽ ዓለምብርሃን

*

ቡሬ፣ የካቲት 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለየኔታ ዓለምብርሃን፣

ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ከምሠራበት ፋርማሲ ቅባት ልኬያለሁ። ጠዋትና ማታ ይቀቡት፤ ባለፈው የላክሁትን ለበሬው ቀቡት ሲባል ሰምቼ ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ። በሬው ተሽሎታል?

ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ልቅሶ ሄዷል ይሉኛል። መልካሙ ደግሞ «ቁልፉ ከየኔታ አንገት ወርዶ አያውቅም» ይላል። ማንን ልመን? የኔታ፣ መዋሸት አይችሉበትም። ከእርስዎ በፊት ደብዳቤዎ በእፍረት ይቀላል።

የጠየቁኝን ልመልስ። የመሐሪ እናት ወይዘሮ ዙፋን አድማሴ ይባላሉ። ከአዊ ወገን ናቸው፤ ከቡሬ ወጣ ብሎ ድንችና ስንዴ ያርሳሉ። ሲስቁ በአውኝኛ ነው፣ ሲቆጡ በአማርኛ። እኔን ግን እስካሁን ተቆጥተውኝ አያውቁም። ለምን እንደጠየቁ ነው ያልገባኝ። የዘር ነገር ከሆነ ተቆጥሮ አልቋል። የአባቴ ወገኖች ከፍኖተ ሰላም ድረስ መጥተው ሽማግሌዎቹ ፊት ሰባት ቤት ቆጥረዋል፤ በእናትም በአባትም የሚነካካ የለም። ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያ 22 ተቆርጧል።

መሐሪን ያዩት እንደሆን ይወዱታል። የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። ለሦስት ሰዓት ቃል ሳይወጣው ይሠራና ሲጨርስ ፓምፑን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ» ይለዋል። ቆጋ መስኖ ያሉ ገበሬዎች ከእሱ ሌላ ሰው አይጠሩም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ «መቼ ነው የምታገባው?» ስባል የኖርኩት እሱን ስጠብቅ ነው እላለሁ አሁን። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም።

ማስረጃዬን ይላኩልኝ። በሞቴ።

ትርሲት

*

ሾላ ሜዳ፣ የካቲት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለትርሲት፣

ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ውሸት ይዤ ጾም አልገባም። ቁልፉ ከእኔው አንገት ነው። መዝገቡንም የመጀመሪያው ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ከፍቼዋለሁ። አይጥም አልነካው። የተነካሁስ እኔ ነኝ።

ስላንቺ ሁለት ቦታ ተጽፎ አገኘሁ። አንደኛው በተራው ነው፤ «ሰኔ 1 ቀን 1986፣ ወለተ መድኅን፣ የቂርቆስ ልጅ፣ የክርስትና እናት ንግሥቴ» ይላል። መጋቢት 12 ተወልደሽ ሰማንያ ቀንሽ ያን ዕለት ነው። ንግሥቴን ታውቂያታለሽ፤ ነፍሷን ይማርና በየዓመቱ ማተብ ታመጣልሽ ነበር።

ሁለተኛው ከመዝገቡ ጀርባ ነው። የቀድሞው አጥማቂ ቄስ ባምላኩ፣ በቤት የተጠመቁ ሕፃናትን ከቤተ ክርስቲያኑ ተራ አይቀላቅሉም ነበር፤ ከኋላ ለብቻ ይጽፏቸዋል። እዚያ ደግሞ ዓመተ ምሕረት አይጽፉም፤ በወንጌላዊው ስም ብቻ ያልፋሉ። እንዲህ ይላል። «ዘመነ ማርቆስ፣ መጋቢት 30። የቂርቆስ ሴት ልጅ፣ አራስ ሳለች ታማ በቤት ተጠመቀች። ከውኃ የተቀበለቻት ዙፋን አድማሴ፣ መንገደኛ።»

ሰማንያ ስድስት ዘመነ ማርቆስ ነበር። ወሩም ወርሽ፣ አባትየውም አባትሽ ነው።

ነገሩን ላስረዳሽ፤ ፋርማሲ አያስተምሩትም። ሕፃን ለሞት ካሰጋ የወንዱ አርባ የሴቷ ሰማንያ ቀን አይጠበቅም። ካህኑ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያጠምቀዋል። ከዳነ በቀኑ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፤ ሜሮን ይቀባል፣ ይቆርባል። ዳግመኛ ግን አይጠመቅም። ጥምቀት አንዲት ናት። የክርስትና እናቱም ከውኃ የተቀበለችው እንጂ በኋላ አዝላ ያመጣችው አይደለችም። ስለዚህ ንግሥቴ ያመጣችሽ ናት፤ ክርስትና ያነሱሽ ግን ወይዘሮ ዙፋን ናቸው ማለት ነው።

የክርስትና እናት ልጅ ደግሞ ወንድም ነው። መሐሪ ወንድምሽ ይሆናል። ጋብቻ የለም።

ልጄ፣ ይኼን የጻፈ እጄ ደህና አልዋለም።

ዓለምብርሃን

*

ቡሬ፣ የካቲት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ሰላምታ የለኝም፤ አይቀየሙኝ። ደብዳቤዎን ፋርማሲው ውስጥ ቆሜ አነበብኩና ክው አልኩ። ለአንዲት እናት የሳል መድኃኒት ልሰጥ ሲገባኝ የሆድ ሰጥቼያቸው በር ላይ ደርሼ ነጠቅኳቸው።

ነገሩ ውሸት ነው። እትዬ ዙፋን ክርስትና አንስተውኝ ቢሆን አያውቁም? ስንት ጊዜ ቤታቸው በልቻለሁ! ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ጨርቅ ተገዝቶ ዝም ይላሉ? ሌላ ዙፋን አድማሴ ትኖር ይሆናል። አገሩ ሁሉ ዙፋን አይደል?

እውነት ቢሆንስ? እስቲ እውነት ይሁን። አንቱና እኔ ካልነገርን ማን ያውቃል? ቄስ ባምላኩ ሞተዋል፣ እናቴ ሞታለች፣ አባቴ ሞቷል፣ ንግሥቴም ሞታለች። ሙታን ሁሉ ዝም ባሉበት አንድ ወረቀት ብቻ ነው የሚናገረው። የሰኔውን ብቻ ገልብጠው ይላኩልኝ። እሱም እኮ የተጻፈ ነው፤ አልዋሹም። አፈር ስሆን፣ አጎቴ። ለመሐሪ አልነገርኩትም። ትናንት መጥቶ የምንኖርበትን ቤት ግድግዳ ምን ቀለም ልቀባው ሲለኝ «ነጭ» ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ለመሆኑ እናቴ «ትርሲት አራስ ሳለች ታማ ነበር» ብላ ነግራዎት ታውቃለች?

ትርሲት

*

ሾላ ሜዳ፣ የካቲት 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለትርሲት፣

የለመንሽኝን አድርጌው ነበር። የሰኔውን ብቻ ገልብጬ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም መትቼበት ለመልካሙ ልሰጥ ወጣሁ። ማንኩሳ ደርሼ ሚኒባሱ ሲመጣ አየሁት፤ እጄን ልዘረጋ ብል እምቢ አለኝ። መልካሙ «የኔታ፣ የሚላክ የለም?» ሲለኝ «የለም» ብዬ ተመለስኩ። ወረቀቱን ቀደድኩት። ልፈርድብሽ አልችልም፤ ካንቺ እኩል በድያለሁ።

ወይዘሮ ዙፋን እንዴት አያውቁም ላልሽው፣ እኔም ብዙ አሰብኩበት። ቄስ ባምላኩን አውቃቸዋለሁ፤ ጥብቅ ሰው ነበሩ። አራስ ቤት አይገቡም፤ ሕፃኑን ጓሮ አስወጥተው ነው የሚያጠምቁት። አራሷን ስታገላብጥ የዋለች ሴትም ከውኃ እንድትቀበል አይፈቅዱም። ስለዚህ አባትየው መንገድ ላይ ወጥቶ ያገኛትን ሴት ይለምናል። መንገደኛዋ ሕፃኑን ታቅፋ ቆማ፣ እናትየዋን ሳታያት፣ የቤቱን ስም ሳትጠይቅ መንገዷን ትሄዳለች። «መንገደኛ» ብለው የጻፉት ለዚህ ነው።

እናትሽ ነግራኝ አታውቅም። እኔ ያኔ ዋሸራ ቅኔ ስቆጥር ነበርኩ፤ አሥር ዓመት አገሬን አላየሁም። ስመለስ አንቺ ትድሂ ነበር። ሠርክአዲስ ደግሞ ያለፈ ሕመም አታነሳም። ሳቋ ለጎረቤት፣ ለቅሶዋ ለራሷ ነበር።

ሌላ ዙፋን ትኖር እንደሆን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሂጂና ጠይቂያቸው። «አይ፣ እኔ አይደለሁም» ካሉሽ ማስረጃሽን በእግሬ አመጣለሁ። «አዎ» ካሉሽ ደግሞ ሳታውቂው አግብተሽ በኋላ ከመስማት ይሻላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሲጠራ ልጆች ወልደሽ እንዳይሆን ነው ፍርሃቴ። ውሳኔው ያንቺ ነው፤ እኔ ለማንም አልተነፍስም።

ጾሙ እንዳይጎዳሽ ምሳሽን አትዝለይ።

ዓለምብርሃን

*

ቡሬ፣ መጋቢት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለየኔታ፣

ሄጄ ጠየቅኋቸው። ደስ ይበልዎ።

ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ለዘር የሚሆን ድንች እየለዩ ነበር። አብሬያቸው ተቀምጬ መለየት ጀመርኩ። ግማሽ ኩንታል ያህል ከለየን በኋላ ነው አፌን የከፈትኩት። «እትዬ ዙፋን፣ በልጅነትዎ ማንኩሳ መንገድ ላይ ሕፃን ክርስትና አንስተው ያውቃሉ?» አልኳቸው። በእጃቸው የያዙት ድንች ወደቀ። «ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

የነገሩኝን እንደነገሩኝ ልጻፍልዎ።

«ኮረዳ ነበርኩ። ሆሳዕናን ማንኩሳ አክስቴ ዘንድ ውዬ ወደ አገሬ ስመለስ፣ የዘንባባ ቀለበት በጣቴ ላይ ነበር። አንድ ሰውዬ ከግቢው ሮጦ ወጣና ‹እህቴ፣ ክርስቲያን ነሽ?› አለኝ። አዎ ስለው እጄን ይዞ ጓሮ አስገባኝ። ቄሱ ቆመዋል፤ ውኃው በገንቦ ቀርቧል። ሕፃኗን አስታቀፉኝ። ጫጩት ታክላለች፤ ክብደት የላትም። ከውኃ ተቀብያት በነጠላዬ ጠቅልያት ቆምኩ። እናትየዋ ከቤት ውስጥ ‹አለች?› ብላ ትጮኻለች። ‹አለች› እላለሁ። ጥቂት ቆይታ ‹አለች?› ትላለች። ‹አለች፣ እህቴ፣ አለች› እላለሁ። ፊቷን አላየሁትም፣ እሷም አላየችኝም። ከዚያ ሕፃኗን ወሰዱብኝና መንገዴን ሄድኩ። በዓመቱ ወደ ቡሬ ተዳርኩ፤ በዚያ መንገድ ዳግም አላለፍኩም። ግን ሆሳዕና በመጣ ቁጥር ኖራ ይሆን እላለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ።»

«መዝገቡ ያቺ ሕፃን እኔ መሆኔን ይናገራል» አልኳቸው።

እልል አሉ፣ አጎቴ! ድንቹን ረግጠው ተነሥተው እልል አሉ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው በአውኝኛ የማልሰማውን እያሉ ሳሙኝ። «ኖረሻል! ኖረሻል!» ይላሉ። እኔም አለቀስኩ። ጓሮ ፓምፕ ሲፈታ የነበረው መሐሪ እልልታውን ሰምቶ እጁ ላይ ግራሶ እንዳለ መጣና እየሳቀ «ምን ተገኘ?» አለ። ያን ጊዜ እጃቸውን ከፊቴ አነሱ። ልጃቸውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ነገሩ ገባቸው።

ለመሐሪ የነገርኩት እኔ ነኝ። ድንች ክምሩ ላይ ተቀመጠ። «እንግዲያ እህቴ ነሻ» አለ። በማግስቱ ቆጋ ሥራ አለኝ ብሎ ሄደ። ስልኩን አያነሳም።

እሳቸው ደግሞ «ልጄን አገኘሁ ብዬ እልል ስል የልጄን ትዳር አፈረስኩ» እያሉ ይንሰፈሰፋሉ። ደስታቸውንም ኀዘናቸውንም መያዝ አቅቷቸዋል። እኔም እንደዚያው ነኝ። እናት አገኘሁ፣ ባል አጣሁ። ለፍኖተ ሰላም ሽማግሌዎች አንቱ ይንገሩልኝ፤ እኔ አፍ የለኝም። ምን በወጣኝ ማስረጃ ብዬ ጠየቅሁ?

ቢሆንም አልዋሽዎትም። በዚያ ሁሉ መሀል ያን እልልታ በመስማቴ አልጸጸትም። የወለደችኝ እናቴ ካለፈች ወዲህ «ኖረሻል» ብሎ የሳመኝ ሰው አልነበረም።

ትርሲት

*

ሾላ ሜዳ፣ መጋቢት 13 ቀን 2015 ዓ.ም.

ትርሲት!

ሰላምታው ሌላ ቀን። ይኼ ደብዳቤ እስኪደርስሽ መልካሙ በየመንገዱ ሰው እንዳይጭን አስምዬዋለሁ።

ሆሳዕና ነው ያሉት? የዘንባባ ቀለበት በጣቴ ነበር ነው ያሉት? ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ጭንቅላቴን በመቋሚያዬ ልመታው ቃጣኝ። ባሕረ ሐሳብ አስተምራለሁ እያልኩ ስመጻደቅ የኖርኩ ሰው!

ስሚኝ። በሰማንያ ስድስት ፋሲካ ሚያዝያ 23 ነበር፤ ሆሳዕና ሚያዝያ 16። መጋቢት 30 ተራ የጾም ዓርብ ነው፤ ዘንባባ የለ፣ ቀለበት የለ። ዘመነ ማርቆስ ግን በየአራት ዓመቱ ይመለሳል። ሰማንያ ሁለትም ዘመነ ማርቆስ ነበር። በሰማንያ ሁለት ፋሲካ ሚያዝያ 7 ዋለ፤ ሆሳዕና ደግሞ መጋቢት 30! በጣቴ ቆጠርኩ፣ በጠጠር ቆጠርኩ፣ ደቀ መዛሙርቱን ጠርቼ አስቆጠርኩ። አይዛነፍም።

አንቺ በሰማንያ ሁለት አልተወለድሽም።

አላመንኩምና መዝገቡን እንደገና ገለጥኩ። ቄስ ባምላኩ ከጀርባ የጻፏቸው የቤት ጥምቀቶች ዘጠኝ ናቸው። የአራቱን ሕፃናት ስም ፊት ለፊት ካለው ተራ አገኘሁት፤ እያንዳንዱ ስር «በቤት የተጠመቀ፤ ቀሪው ተፈጸመለት» ብለው ጽፈዋል። እነዚህ የዳኑት ናቸው። አምስቱ ግን ከጀርባ ተጽፈው ቀርተዋል፤ ፊት የሉም። ያንቺን የሰኔውን ጽሑፍ አየሁት። «ተፈጸመላት» አይልም። «ተጠመቀች» ነው የሚለው። አንቺ በሰማንያ ቀንሽ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በንግሥቴ እጅ ነው የተጠመቅሽው። ከፊቴ ተጽፎ ያላነበብኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱን ልጆች አንድ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ። አንድ ወር ሙሉ በከንቱ አቃጠልኩሽ።

ወይዘሮ ዙፋን ክርስትና ያነሷት እህትሽን ነው። ታላቅ እህት ነበረችሽ።

ለእህትየዋ የተፈጠረው ዝምድና አንቺን ይይዝ እንደሆን የደብሩን አስተዳዳሪ ጠይቄያለሁ። ከውኃ ለወጣችው ነው እንጂ ለእህቷ አይተርፍም ብለውኛል። ማስረጃሽ እነሆ፣ ከዚህ ጋር ነው፤ አሁን እጄ እምቢ አላለም።

ሌላም ነገር አለ። እናትሽ ሆሳዕና ቤተ ክርስቲያን አትስምም ነበር። ታስታውሺ እንደሆን እንጃ። በየዓመቱ ያን ዕለት ራሷን አሰረች፣ ታመመች ይባላል። እኔ ደግሞ ከዋሸራ የመጣሁ ሊቅ ነኛ፤ «ዘንባባ የማትይዝ ምን ዓይነት ክርስቲያን ናት?» እያልኩ ሰው ፊት አዋርዳት ነበር። አንድም ቀን አልመለሰችልኝም። አሁን መዝገቡን ታቅፌ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። የእህቴ ልጅ ሞታ ሳላውቃት፣ እህቴን በሐዘኗ ቀን ስቆጣት ኖርኩ።

መሐሪን ከቆጋ ጥሪው። ግን ወይዘሮ ዙፋንን ቀስ በያቸው። ላንቺ የምሥራች የሆነው ለእሳቸው መርዶ ነው።

ዓለምብርሃን

*

ቡሬ፣ መጋቢት 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለየኔታ ዓለምብርሃን፣

ጉልበትዎ ደህና ነው? ዛሬ ሰላምታ ሞልቶኛል። ስለ ጉልበትዎ፣ ስለ በሬው፣ ስለ መቋሚያዎ፣ ስለ ሁሉም እጠይቃለሁ። ይቅርታ ላሉኝ፣ የምን ይቅርታ? አንቱ ባይሳሳቱ እህት እንደነበረችኝ ሳላውቅ እሞት ነበር። ጭንቅላትዎን ግን አይምቱት፤ ለሠርጌ ምርቃት ይፈለጋል።

መሐሪ በሰው ስልክ ስደውልለት አነሳ። «እህትህ አይደለሁም» አልኩት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ! ሃሎ!» ስል ከቆየሁ በኋላ «ፓምፑን ፈታትቼዋለሁ» አለኝ። «ግጠመውና ና» አልኩት። በማግስቱ ከተፍ አለ። ሳይገጥመው ነው የመጣው፤ ቆጋ ያሉት ሰዎች እስካሁን ይረግሙኛል። ግድግዳው ነጭ ሳይሆን ቢጫ ይሁን ብየዋለሁ። ሠርጉ ሚያዝያ 22 እንደተቆረጠ ነው። መልካሙ የፊት ወንበሩን ለአንቱ ይዞታል። «አልመጣም፣ ጉልበቴ» የሚል ደብዳቤ ቢጽፉ አልቀበልም።

አሁን ያሳሰቡኝን ነገር ልንገርዎ። ለእትዬ ዙፋን እንዴት እንደነገርኳቸው።

ቀስ ማለት አልቻልኩበትም፤ ያውቁኛል። የአንቱን ደብዳቤ አነበብኩላቸው። ስለ ሆሳዕናና ስለ ዘመነ ማርቆስ የሚለውን በደንብ ሰሙ። ስጨርስ «እሰይ፣ ልጆቼ ትጋቡ» አሉ፤ መሐሪንም እኔንም መረቁን። ከዚያ መሬት መሬት እያዩ፣ ልጅ እንደሚጠይቅ ባለ ድምፅ «እና ያቺ ሞተች?» አሉኝ።

«ሞተች፣ እትዬ» አልኳቸው።

«አለች ብያት ነበር እኮ። እናትሽን። አለች፣ አለች እያልኳት ነው የሄድኩት።»

«እርስዎ ታቅፈዋት ሳለ ነበረች። አልዋሿትም» አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው «ልቅሶ አልተቀመጥኩላትም። መቀመጥ አለብኝ» አሉ። መሐሪ «እማ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆኖት?» ሲላቸው «እኔ የሰማሁት ዛሬ ነው» አሉት። ወጥቶ ፍራሹን አመጣ፤ ደጃፉንም ጠረገ።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ጎረቤቱ ሠርግ የሚጠብቅ ሰው ነውና ግራ ተጋባ፤ ግን ልቅሶ ልቅሶ ነው፣ ንፍሮ እየያዘ መጣ። በሁለተኛው ቀን አስካለ ማርያም የሚሏቸው የታችኛው ቤት ሴትዮ ገቡና «ኧረ እናንተ፣ ማን ሞቶባችሁ ነው?» አሉ። እትዬ ዙፋን «ልጄ ናት» አሉ። እኔም «እህቴ ናት» አልኩ። ያን ቃል በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር። «መቼ?» አሉ ሴትዮዋ። «የዛሬ ሠላሳ ሦስት ዓመት፣ አራስ ሳለች» አሏቸው እትዬ ዙፋን። ሴትዮዋ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አዩ። ጉድ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከጎናችን ተቀመጡና ማልቀስ ጀመሩ። በኋላ ሲወጡ፣ እሳቸውም ያልተለቀሰላት አራስ ልጅ እንደቀበሩ በጆሮዬ ነገሩኝ።

በሦስተኛው ቀን ፍራሹን አነሳን፣ ፊታችንን ታጠብን። እትዬ ዙፋን እዚያው «በሉ እንግዲህ፣ ድግስ አለብን» ብለው ጌሾውን አወረዱ። አስካለ ማርያም ሙቀጫቸውን ተሸክመው መጡ፤ ስንወቅጥ ዋልን።

ልጅዎ ትርሲት